ቅጠል የሌላት አበባ

ደሴ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የክርስትና እናቴ ለወይዘሮ እማዋይሽ፣ አል ዐይን

እንደምን ከረሙ እቴቴ? ከጦሳ ተራራ እስከ እርስዎ በረሃ የሚደርስ ሰላምታዬን አስቀድሜአለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴን ብርዱ ጉልበቷን ያዝ ቢያደርጋትም ደህና ናት፤ የአክስቷ ልጅ ከመሆንዎ ይልቅ እኔን ክርስትና ማንሣትዎን እያነሣች ስትመርቅዎ ትውላለች። እህቴ ምንትዋብም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታ መጽሐፍ ላይ ተደፍታለች።

«ስልኬን የቤቱ ልጆች ይነካኩታል፣ ድምፅ አትላኪልኝ፤ በወረቀት ጻፊልኝ፣ የአየር መንገዱ ማቲያስ ያመላልስልናል» ብለው ስላዘዙ ይኸው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ምንትዋብ አይታኝ «ምነው፣ ፖስታ ቤት ተቀጠርሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። በተቀጠርኩ!

እቴቴ፣ በባዮሎጂ ከተመረቅሁ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ አንገቴ ረዘመ። ሁሉም «የሥራ ልምድ ያላት» ይላሉ፤ ልምዱ ከየት እንደሚሸመት ግን አይናገሩም። እስከዚያው የሰፈሩን ልጆች አስጠናለሁ። ባለፈው «ምግቡን ራሱ የሚሠራ ፍጥረት ማነው?» ብዬ ብጠይቅ አንዱ ጩጬ እጁን አውጥቶ «እማዬ!» አለኝ። እናትህማ ታበስላለች እንጂ አትሠራም አልኩት። የሚሠራው ቅጠል ነው። ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃና ከአየር ስኳር ያበጃል፤ እኛ ግን ከአንበሳ እስከ ትንኝ እሱ ከሠራው ላይ የምንነጥቅ ነን። ልጁ አሰበ፣ አሰበና «እንግዲያው ቅጠል ጅል ነው» አለኝ።

እዚህ የደረስኩት በእርስዎ ድካም ነው። እዚያ አገር ተክል የሚመረመርበት፣ ችግኝ የሚፈላበት ቦታ አለ ሲሉ እሰማለሁ። ለእኔ የሚሆን ነገር ካለ ይጠይቁልኝ። ዕቃ ማጠብም ቢሆን እጀምራለሁ፤ ብቻ ከቅጠል አጠገብ ልሁን።

ለእኔ እንዳሰቡልኝ አምላክ ያስብልዎ።

ልጅዎ ሔርሜላ


አል ዐይን፣ ሂሊ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሔርሜላ

እንደምን አለሽልኝ የኔ ሸጋ? እናትሽስ፣ ምንትዋብስ? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ማቲያስ ለጥምቀት አቡ ዳቢ፣ ሙሳፋህ ቤተ ክርስቲያን ሰጠኝ። የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። ረመዳን ገብቶ ቤቱ ቀን ተኝቶ ማታ ይነሣል። እኔ በሁዳዴ ሆዴን አስሬ ለእነሱ ሥጋ ስጠብስ ነው የማነጋው። ላይ ያለው ካየኝ ሁለት ጾም ይቁጠርልኝ።

ያልሽውን ሰምቻለሁ። ካፊሌ፣ ያስመጣኝ የቤቱ ጌታ ማለቴ ነው፣ የተምር እርሻ አለው። ችግኝም ያፈላሉ። ማዳምን ደስ ባላት ሰዓት አነሣባታለሁ።

እስቲ አንቺ ደግሞ የተማርሽበትን ንገሪኝ። ከቪላው ጀርባ፣ አጥሩ አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት፣ ሰሞኑን አንዲት አበባ ወጣች። ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ነው ያየኋት። ክንድ ታህላለች፣ ቢጫ ናት፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ብላለች። በዚህ ሁሉ ዘመኔ እዚህ አሸዋ ላይ እንዲህ ያለ ውበት አላየሁም። ግን አንዲት ቅጠል የላትም ሔርሜላ! አረንጓዴ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። አትክልተኛው ዐብዱራህማን ስሟ ዛኑን ነው አለኝ። አንቺ ቅጠል ነው የሚሠራው ትያለሽ። ታዲያ ይህች ከየት እየበላች ነው እንዲህ ያማረባት?

እመብርሃን ትጠብቅሽ።

እማዋይሽ


ደሴ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ እቴቴ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ! ያን የመሰለ ነገር እኔ በሥዕል ብቻ ነው የማውቀው፣ እርስዎ ግን ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተው ያገኙታል። ቀናሁብዎ።

ምስጢሩ ከአሸዋው በታች ነው። አጠገቧ አንድ ቁጥቋጦ አለ አይደል? ጨውና ጥም የለመደ፣ አቧራ የመሰለ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው? የአበባዋ ሥር ከእሱ ሥር ላይ ተጣብቋል። እሱ በፀሐይ ተቃጥሎ የሠራውን ስኳር፣ ከጥልቅ የሳበውን ውሃ፣ እሷ ከሥር ትጠጣለች። ለዚህ ነው ቅጠል ያላስፈለጋት። እኛ ጥገኛ ተክል እንላታለን። አብዛኛውን ዕድሜዋን ተቀብራ ትኖራለች፤ ብቅ የምትለው ለማበብ ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ጉልበት ከአንዱ ፍጥረት ወደ ሌላው ሲሻገር ሁሉም አይደርስም። ፌንጣ ሣር ብትበላ፣ ዶሮ ፌንጣዋን ብትበላ፣ በየእርከኑ ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው የሚያልፈው። የቀረው በመንቀሳቀስና በመተንፈስ አልቆ፣ ሙቀት ሆኖ ይበተናል። እናቴ ይህን ሰምታ «እግዜርም አሥራቱን ነው የሚያሳልፈው በይኛ» አለች።

የችግኙ ነገር እንዴት ሆነ? ልቤ ተንጠልጥሏል።

አክባሪ ልጅዎ ሔርሜላ


ሂሊ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔርሜላ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ምሥራች ይዣለሁ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ማዳም እሺ ብላለች። እሷ የምታምነው የቤተሰብ ሰው ነው፤ «ያንቺ ወገን ከሆነች ትምጣ» አለች። የተምር ችግኙን ትይዣለሽ። ዐብዱራህማን እንዳሳየኝ የተምር ግልገል ከእናቱ ግርጌ ይበቅላል፣ የራሱን ሥር እስኪያወጣ ከእናቱ ይመገባል፤ ከዚያ ቆርጠው ለብቻው ይተክሉታል። ይህንን ነው የምትሠሪው።

አንዳንድ ነገር ጠይቀውኛል። ቁመትሽ ስንት ነው? ወገብሽስ? ለሥራ ልብሱ ነው። መኪና ያጥወለውልሻል? ሕፃን ሲያለቅስ ይጨንቅሻል ወይስ ትችይዋለሽ? ፀጉርሽን ሸፍነሽ የተነሣሽው ፎቶ ካለ ላኪልኝ፤ ሳትስቂ። ሩዝስ ሳይጣበቅ ማውጣት ለምደሻል? መቼም ሆድ ከሌለ ሥራ የለም።

ዲግሪሽን ይዘሽ አትምጪ። ቪዛው በቀላል ስም ነው የሚወጣው፣ የተማረ መሆንሽ ከታወቀ ወረቀቱ ይንጓተታል። እዚህ ከገባሽ ይስተካከላል። ለማንም አታውሪ፤ የሰው ዓይን እንዳያርፍብሽ።

ያቺ አበባ ደርቃለች። አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የምትጠባው ቁጥቋጦ፣ ያውቃል ወይ?

እማዋይሽ


ደሴ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እቴቴ፣ የደስታ እንባ ያበላሸውን ጽሑፍ ይቅር ይበሉኝ።

እናቴ እልል ልትል ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት፤ «የሰው ዓይን እንዳያርፍብሽ» ብለዋላ። የልብሱን ልክ ምንትዋብ በሜትር ለክታኝ በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፌአለሁ። ጋውን መሆኑ ነው? ነጭ ከሆነ ከጭቃ ጋር እንዴት እንደምሆን እንጃ! መኪና አያጥወለውለኝም። የሕፃኑ ጥያቄ አስቆኛል፤ ችግኝም ሕፃን ነው ለማለት ይሆናል፣ እችለዋለሁ። ፎቶውን ሳልስቅ ለመነሣት ስታገል ፎቶ አንሺው ተቆጣኝ። ሩዜ ይጣበቃል፤ እለማመዳለሁ።

ዲግሪውን እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እዚያው ይቆይ።

ቁጥቋጦው ያውቃል ወይ? ኧረ እቴቴ! ነርቭ የለው፣ አእምሮ የለው፣ ምን ያውቃል? ውሃው ቢያንሰው ይደክማል፣ ቅጠሉ ይሳሳል፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ይኸን ያህል አያስጨንቅዎ።

የእርስዎው ሔርሜላ


ሂሊ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሔርሜላ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ቪዛው ወጥቷል፤ ማቲያስ ይሰጥሻል። አቡ ዳቢ አውሮፕላን ማረፊያ የቤቱ ሹፌር ሳሊም ይቀበልሻል። ወፍራም ልብስ አትያዢ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያሳጠርኩት።

እማዋይሽ


ሂሊ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማዋይሽ፣

ሰላምታ አላስቀደምኩም። ፈልጌ አጣሁት።

ሳሊም ስሜን የያዘ ወረቀት አንግቦ ቆሞ ነበር። መኪናው ውስጥ ስገባ የኋላው ወንበር ላይ ቆሎ ተበትኗል። ገብስና ሽንብራ። አንድ ፍሬ አንሥቼ አሸተትኩት፤ እናቴ የቆላችው፣ በማቲያስ የላክንልሽ ነው። «እማዋይሽ የት ናት?» ብለው እጁን አራግፎ «ኢማ ኸላስ» አለኝ። ኢማ ያለው አንቺን መሆኑ ገባኝ፤ ኸላስ አለቀ ማለት መሆኑን አንቺው ነግረሽኝ አውቃለሁ። ሞታለች ያለኝ መሰለኝ። እስከ አል ዐይን ድረስ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ስምሽን እየጠራሁ አለቀስኩልሽ። ሰውየው ግራ ገብቶት ሬዲዮውን ዘጋ።

ቤት ስደርስ ማዳም ወደ አንዲት ክፍል ወሰደችኝ። ሰማያዊ የቤት ሠራተኛ ልብስ ተሰቅሏል። ለበስኩት። ወገቡ ልክ ነው፣ ቁመቱም ልክ ነው፤ ምንትዋብ በሜትር የለካችው ነዋ። ትንሿ ልጅ ለይላ መጥታ ቀሚሴን ያዘችና «ኢማ ጀዲዳ» አለችኝ። አዲሷ ኢማ። ስምሽ ለካ የሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የሥራው ስም ሆኗል፤ አሁን እኔ ነኝ።

በማግሥቱ የጎረቤት ቤት ሠራተኛዋ ነጅማ፣ የከሚሴ ልጅ፣ ሁሉንም በአማርኛ ነገረችኝ። «ማዳም በዲል አምጪ፣ ከዘመድሽ አንድ ሰው ተክተሽ ሂጂ ብላት ነበር፤ አንቺ በዲሏ ነሽ። አላወቅሽም እንዴ እቱ?» አለችኝ። አላወቅሁም አልኳት።

ውሉ የሁለት ዓመት ነው። ፓስፖርቴ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው። የተምር ችግኙ እውነትም አለ። ሌሎች ሰዎች ይሠሩታል። ዕቃ ሳጥብ በኩሽናው መስኮት ይታየኛል።

ሔርሜላ


ደሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሔርሜላ

አንቱታውን አራገፍሽው። ይሁን፣ ይገባኛል።

ሰላም ልልሽ አፈርኩ። ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ እስክሪብቶ አነሣለሁ። አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።

የልጆቹን ነገር የነገርኩሽ ሐሰት ነው፤ ስልኬን ማንም አይነካውም ነበር። በወረቀት ያልኩሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። አንቺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ድምፄን ሰምተሽ መታመሜን የምታውቂ ልጅ ነሽ።

ልሂድ፣ ልሂድ ብዬ ለምኛለሁ። አንዴ ልጅ ተወለደ አሉኝ፣ አንዴ ሠርግ ነው አሉኝ፣ አንዴ አያትየው ታመሙ። በመጨረሻ ማዳም የማውቀው ወገን ተክተሽ ሂጂ አለች። ወገን ማን አለኝ? እናትሽ ጉልበቷን ታማለች። ሌላ ማን ነው?

አንቺ በደረስሽበት፣ እኔ በወጣሁበት ቀን በአውሮፕላን ማረፊያው አይቼሻለሁ። ከመስተዋቱ ወዲህ ቆሜ ነበር። አረንጓዴ ሹራብ ለብሰሽ፣ ሻንጣሽ ጎማው ወልቆ ትጎትቺዋለሽ፣ ትስቂያለሽ። ልጠራሽ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የበረራዬን ቁጥር ጠሩ።

አንቺ ግን በጣም አትፍረጂብኝ። ፌንጣና ዶሮ ብለሽ ያስተማርሽኝን አልረሳሁም። ለእናንተ ይደርስ የነበረው አሥራቱ ነበር ሔርሜላ። የቀረው እኔነቴ እዚያ ኩሽና ውስጥ ሙቀት ሆኖ ተበተነ። ትምህርት ቤትሽ፣ የእናትሽ መድኃኒት፣ የቤቱ ቆርቆሮ። አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ስትጠጡ፣ ከናንተ ውስጥ ማን ነው «ያውቃል ወይ?» ብሎ የጠየቀ? ውሃው አንሶኝ ቅጠሌ ሲሳሳ ማን አየ?

እናትሽ የችግኝ ሥራ ላይ መሆንሽን ነው የምታውቀው። እንዳታፈርሺባት።

እማዋይሽ


ሙሳፋህ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማዋይሽ፣

ለገና ሙሳፋህ እንድሄድ ማዳም ፈቅዳልኝ ነበር። ደብዳቤሽን ቅዳሴው እስኪያልቅ በእጄ ይዤው ቆምኩ፤ መልሱንም እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ነው የምጽፈው፣ ማቲያስ እየጠበቀኝ።

የጻፍሽው ልክ ነው። ከአንቺ ጠጥተናል። እኔ ልብስ ስተኩስ፣ ጀርባዬን ሲወጋኝ፣ «እሷም እዚሁ ጋ ወግቷት ይሆናል» እላለሁ። ማታ ለይላን ሳስተኛት ባንቺ ዜማ ካልሆነ አትተኛም፤ የደሴ እሹሩሩ የምታውቅ የሂሊ ልጅ! አንቺን ለመጥላት ሞክሬ ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ግን አንድ ነገር ስሚኝ። «ሔርሜላ፣ ደክሜአለሁ፣ ነይና ተኪኝ» ብትዪኝ እመጣ ነበር። አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ እመጣ ነበር። የሰጠሽኝን እንድመልስ ዕድሉን ነፈግሽኝ። ከአሸዋው በታች ነው የመጣሽብኝ። ደስታዬን ሁሉ፣ የወገቤን ልክ እንኳ፣ ራሴው በእጄ ጽፌ እንድልክልሽ አደረግሽኝ።

ለእናቴ ንገሪያት። እኔ ሳልሆን አንቺ። የምጠይቅሽ ይህንን ብቻ ነው።

ሔርሜላ


ደሴ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔርሜላ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ለእናትሽ ልነግራት ሁለቴ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እንግዶች ነበሩ። በሁለተኛው ገና ከበሩ ሳልገባ እግሬ ላይ ወድቃ «ልጄን ሰው አደረግሽልኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልበል?

ሰፈሩም እኔን ማየት ጀምሯል። «እማዋይሽ ሰው ታስገባለች» ተብሎ በየቀኑ በሬ ይንኳኳል። እዚህ ስመጣ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮኝ ነበር?

አሁን ደግሞ ማዳም ደውላ እናቷን ፋጡማን የሚጠብቅ ሰው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ያው ወገን ይሁን ነው የምትለው። ምንትዋብ ውጤቷ አልመጣላትም፣ ቤት ቁጭ ብላለች። ስነግራት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ከእህቴ ጋር ችግኝ ልንተክል?» ትላለች። አንቺም ብቻሽን ከምትሆኚ አይሻልም? እህት ለእህት ትረዳዳላችሁ። ለወዳጅነት ብዬ እንጂ ለክፋት አይደለም።

ቁመቷን ለክቼአለሁ። ካንቺ ትንሽ ታጥራለች።

እማዋይሽ


ሂሊ፣ የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ምንቴ፣ እህቴ፣

ይህንን ደብዳቤ ማቲያስ በእጅሽ ይሰጥሻል እንጂ ለእማዋይሽ አይሰጥም። ግን ብቻሽን እንዳታነቢው። እናታችን ቁጭ ባለችበት፣ እማዋይሽንም ጠርተሽ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ልጅ ሆነሽ ለአያታችን ጎረቤቶች ደብዳቤ ስታነቢ እንደነበረው፣ ሳትቸኩዪ።

እኔ ችግኝ አልተክልም። አንዲትም ቀን ተክዬ አላውቅም። የቤት ሠራተኛ ነኝ። ሥራው ነውር ስለሆነ አይደለም የምነግርሽ፤ ነጅማ ትሠራዋለች፣ እኔም እየለመድኩት ነው፤ ሩዜ አሁን አይጣበቅም። የምነግርሽ ችግኝ ተብዬ ስለመጣሁ ነው። በዚያችው ቃል አንቺንም ሊያመጡሽ ነው። በሜትር የተለካሽው ለጋውን አይደለም፤ ልብሱ ሰማያዊ ነው፣ አሁን ልብስ ሰፊው ጋ ነው።

እናቴ፣ ይህን ስትሰሚ አንቺ ጥፋተኛ አይደለሽም። አልነገሩሽም። እኔም አልነገርኩሽም፣ «እንዳታፈርሺባት» ስባል ዝም አልኩ። ከዛሬ በኋላ ዝም አልልም።

ትናንት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ዛኑኗ ብቅ ብላለች። ምንቴ፣ እንዴት ታምራለች! ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርኩ። አሸዋው ከላይ ትኩስ ነው፣ ወደ ታች ቀዝቃዛ። ሁለቱ ሥሮች የሚገጥሙበትን አገኘሁት፤ አብጦ እንደ ጉልበት ሆኗል፣ የማን ሥር የት እንደሚያልቅ አይለይም። መልሼ ቀበርኩት። ዐብዱራህማን ከሩቅ ሲያየኝ ቆይቶ መጣና ቁጥቋጦውን በእጁ እየዳበሰ «ይቺን ተሸክሞም በየዓመቱ ያቆጠቁጣል» አለኝ። እውነትም ጫፍ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነበረው።

አሁን የማዝሽ አለ። ወንበር ላይ ወጥተሽ ዲግሪዬን ከግድግዳው አውርጂው። ከመስተዋቱ አውጪና በማቲያስ ላኪልኝ። ሙሳፋህ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኋት ዓለምጸሐይ የምትባል ሴት አቡ ዳቢ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች፤ ውሌ ሲያልቅ ችግኝ የሚያፈሉ ቦታዎች ጋ አብራኝ ልትሄድ ቃል ገብታለች። ይሳካል አይሳካም አላውቅም። ግን ወረቀቱ ከእኔ ጋር ይሁን። አንቺ ደግሞ ፈተናውን ድገሚ። ቤት ቁጭ ያልሽው የሚያስገባሽ ሰው አጥተሽ ሳይሆን የምታጠኚበት ጊዜ አጥተሽ ነው፤ ጊዜውን እኔ ከዚህ ሆኜ እከፍልልሻለሁ፣ እያወቅሁ፣ ወድጄ።

እናታችን ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ። እማዋይሽ ግን በመሐል ነጠላዋን አስተካክላ «እስቲ ልሂድ» ብላ ከተነሣች፣ በሩን ዝጊና «ቁጭ በይ እቴቴ፣ አልጨረስኩም» በያት።

እህትሽ ሔርሜላ